ሚሲሲፒ የነፈገቻቸውን ሰማይ በኢትዮጵያ ያገኙት ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን

በግንቦት 1927 ዓ.ም. ቀይ ባሕርን አቋርጠው ጅቡቲ ወደብ ከደረሱ መንገደኞች መካከል አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። የሞተር መካኒክ፣ የአውሮፕላን አብራሪና የበረራ አስተማሪ ናቸው። መድረሻቸው አዲስ አበባ ነበር፤ ያደጉት ግን በአሜሪካ ደቡብ፣ በሚሲሲፒ ግዛት ነው።

ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ይባላሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አየር ኃይል አዛዥ ሆኑ። የአሜሪካ ጥቁሮች ጋዜጦችም በአሜሪካ ግዙፍ አሞራ ስም ቡናማው ኮንዶር ብለው ጠሯቸው። የሕይወታቸው ታሪክ የአንድ ጀግና ገድል ብቻ አይደለም። አንዲት ግዛት ለገዛ ልጇ የዘጋችውን በር ሌላ ሩቅ አገር እንዴት እንደከፈተችለት፣ ይህም ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለው የሚያሳይ ታሪክ ነው።

ሁለት የወደብ ከተሞች

ሮቢንሰን የተወለዱት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ በፍሎሪዳ ግዛት ካራቤል በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ገና ሕፃን ሳሉ አባታቸው ሞቱ። እናታቸው ሴለስት ልጆቻቸውን ይዘው በሚሲሲፒ የባሕር ጠረፍ ወደምትገኘው ገልፍፖርት ተሻገሩ። እዚያም ቻርልስ ኮብ የተባሉ የባቡር ሠራተኛ አገቡ። ሮቢንሰንን ያሳደጓቸው እኚህ የእንጀራ አባት ናቸው።

ገልፍፖርትና ጅቡቲ በውቅያኖስ ቢራራቁም አፈጣጠራቸው ይመሳሰላል። ሁለቱም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ ባቡርና መርከብ እንዲገናኙባቸው ሲባል የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። ገልፍፖርት የከተማነት ዕውቅና ያገኘችው እ.አ.አ. በ1898 ሲሆን ወደቧ በ1902 ሥራ ጀመረ። ከሚሲሲፒ ደኖች የሚቆረጠው የጥድ ግንድ በባቡር ተጭኖ ወደዚያ ይወርድና በመርከብ ለዓለም ገበያ ይላክ ነበር።

ፈረንሳዮች ጅቡቲን የቆረቆሩት ደግሞ እ.አ.አ. በ1888 ነው። ከዚያ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ገልፍፖርት ወደቧን በከፈተችበት በዚያው በ1902 ማብቂያ ድሬዳዋ ገባ። 784 ኪሎ ሜትሩን አጠናቆ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። ቡናና ቆዳ በዚህ ሐዲድ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ጨርቅ፣ ማሽንና መጻሕፍት ወደ ደጋው ይወጣሉ።

የባቡር ሠራተኛ ቤት ላደጉት ሮቢንሰን የእንፋሎቱ ጩኸት፣ የወደቡ ጫጫታና የጫኝና አውራጁ ሩጫ እንግዳ አልነበረም። በጅቡቲ የከተማዋ አከፋፈልም እንግዳ ሊሆንባቸው አይችልም ነበር። ፈረንሳዮቹ በነፋሻው ከፍታና በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ በተሠሩ በረንዳማ ቤቶች ይኖሩ ነበር። ሶማሌው፣ አፋሩና የመናዊው ሠራተኛ ግን ራቅ ብሎ በተሠሩት ሰፈሮች ነበር የሚኖረው። ሰውን በቀለሙ ለይቶ ማስፈርን ሮቢንሰን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል።

ሚሲሲፒ ምን ነበረች?

ሚሲሲፒ ከአሜሪካ ኅብረት ጋር የተቀላቀለችው እ.አ.አ. በ1817 ነው። ሀብቷ ጥጥ ነበር፤ ጥጡን የሚዘሩትና የሚለቅሙት ደግሞ ባሪያ የተደረጉ አፍሪካውያን። በ1861 የባርነትን ሥርዓት ለማስጠበቅ ከኅብረቱ በመገንጠል ከሳውዝ ካሮላይና ቀጥላ ሁለተኛዋ ግዛት ሆነች።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ለአጭር ጊዜ ተስፋ ታየ። በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የተቀመጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥቁሮች፣ ሃይረም ሬቭልስና ብላንች ብሩስ፣ የተወከሉት ከሚሲሲፒ ነበር። ይሁን እንጂ በ1890 የወጣው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ያንን በር ዘጋው። ለመምረጥ ግብር መክፈልና የንባብ ፈተና ማለፍ ግዴታ ተደረገ። ፈተናውን የሚሰጡትም የሚያርሙትም ነጮች ነበሩ። ጥቁሮች ከግዛቲቱ ሕዝብ ከግማሽ በላይ ሆነው ሳለ፣ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ጥቁር ወንዶች መካከል በመዝገብ የቀሩት ከአሥር አንድ የማይሞሉ ሆኑ። ሌሎች የደቡብ ግዛቶችም ይህንኑ ዘዴ ቀዱት።

ሕጉ ያልደረሰበትን የደቦ ፍርድ ይሞላው ነበር። በአላባማ የሚገኘው የቱስኪጊ ተቋም ለዓመታት በሰበሰበው መዝገብ መሠረት፣ እ.አ.አ. ከ1882 እስከ 1968 ባለው ጊዜ በሚሲሲፒ 581 ሰዎች በመንጋ ተገድለዋል። ከእነዚህም 539ኙ ጥቁሮች ነበሩ። በመዝገቡ ይህን ያህል ቁጥር የተገኘበት ሌላ የአሜሪካ ግዛት የለም።

ከዚህ መከራ መካከል ነው ብሉዝ የተባለው ሙዚቃ የፈለቀው። በወንዙ ዳር በተንጣለለው የጥጥ ሜዳ፣ በጊታር ታጅቦ የሚወርደው እንጉርጉሮ በኋላ የዓለምን ሙዚቃ ለወጠ። እንደ ሙዚቃው ሁሉ ሰዉም ሰሜን አቀና። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች በባቡር ተሳፍረው ሚሲሲፒን ለቀቁ፤ ብዙዎቹም ማረፊያቸውን ቺካጎ አደረጉ።

የገልፍፖርቱ ልጅም ከእነዚህ አንዱ ሆኑ። እንደሚነገረው በልጅነታቸው ከባሕሩ ዳርቻ ውኃ ላይ የምታርፍ አውሮፕላን ካዩ በኋላ ሐሳባቸው ከሰማይ አልወረደም። ግን በዚያ ዘመን በሚሲሲፒ ለጥቁር ልጅ መብረርን የሚያስተምር ትምህርት ቤት አልነበረም።

ከጋራዥ ወደ አውሮፕላን

ሮቢንሰን ለትምህርት ያቀኑት ወደ ቱስኪጊ ነው። ባርነትን በልጅነታቸው የቀመሱት ቡከር ቲ ዋሽንግተን እ.አ.አ. በ1881 የመሠረቱት ይህ ተቋም ለጥቁር ወጣቶች ሙያ ያስተምር ነበር። ሮቢንሰን የመኪና ጥገና ተምረው በ1924 ተመረቁ። ከዚያም በዲትሮይት ሠርተው፣ በኋላ በቺካጎ የመኪና ጥገና ሙያቸውን ቀጠሉ።

በቺካጎ የሚገኘው የከርቲስ ራይት የበረራ ትምህርት ቤት ግን ማመልከቻቸውን በቀለማቸው ምክንያት አልተቀበለም። ስለዚህ በጽዳት ሠራተኛነት ገብተው ወለል እየጠረጉ ትምህርቱን ከጥግ ሆነው ያዳምጡ፣ በጥቁር ሰሌዳ የቀረውንም ይገለብጡ እንደነበር ይነገራል። በመጨረሻ እሳቸውና ጓደኛቸው ኮርኔሊየስ ኮፊ ተቀባይነት አግኝተው በ1931 ተመረቁ፤ ከዚያም በዚያው ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎችን ማስተማር ጀመሩ።

ትምህርቱ ቢገኝም ማኮብኮቢያ አልተገኘም። የቺካጎ አካባቢ አየር ማረፊያዎች ጥቁር አብራሪዎችን አያስተናግዱም ነበር። ሮቢንሰንና ጓደኞቻቸው ቻሌንጀር የተባለ የአብራሪዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ጥቁሮች በሚያስተዳድሯት ሮቢንስ በተባለች ትንሽ ከተማ የራሳቸውን ሜዳ ደለደሉ። ያንንም ዐውሎ ነፋስ አፈረሰባቸው። በ1934 ደግሞ የቀድሞ ተቋማቸው ቱስኪጊ የበረራ ትምህርት እንዲጀምር ለመወትወት ወደ አላባማ በረሩ።

ኢትዮጵያ የጠራቻቸው በዚህ ጊዜ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ የሆኑት መላኩ በያን በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ ነበር፤ የተማሩ ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ ሄደው እንዲያገለግሉም ያግባቡ ነበር። የጥቁሮች የዜና ወኪል መሥራችና የቱስኪጊ ምሩቅ የነበሩት ክላውድ ባርኔት ሁለቱን አገናኙ። ግብዣው ቀላል አልነበረም፤ በባዕድ አገር ጦር ውስጥ ማገልገል የአሜሪካ ዜግነትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ሮቢንሰን ግን ጓዛቸውን ሸክፈው ተነሱ።

ቁልፉ በሌላ እጅ የነበረ በር

ሮቢንሰን ጅቡቲ ሲደርሱ ከተማዋ የጦርነት ሽታ ይሸታት ጀምሮ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ከሙሶሊኒ ጋር በሮም ስምምነት ተፈራርመው ነበር። በስምምነቱ ጣሊያን በጅቡቲና አዲስ አበባ የባቡር ኩባንያ 2,500 አክሲዮኖች፣ ከቅኝ ግዛቷም ጠርዝ ቁራጭ መሬት እንድታገኝ ተፈቀደ። የኢትዮጵያ ዋነኛ የባሕር በር ቁልፍ ከፊሉ ወደ ወራሪዋ እጅ መሻገሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለኢትዮጵያ የተገዛ የጦር መሣሪያ በጅቡቲ በኩል ማለፉ እያደር አስቸጋሪ ሆነ።

የኢትዮጵያ አቪዬሽን ጅማሮም ከዚችው ከተማ ጋር የተሳሰረ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፈችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሿ ፖቴዝ 25፣ የበረረችው ከጅቡቲ ነበር።

ሮቢንሰን የተሳፈሩበት ባቡር በዚያ ዘመን ሌሊት አይጓዝም። ከበረሃው ሐሩር ተነስቶ በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ፣ በሦስተኛው ቀን ለገሃር ይገባል። ሙቀቱ በየጣቢያው እየቀነሰ፣ መሬቱ ከጠጠር ወደ ግራር፣ ከግራር ወደ ጤፍ ማሳ ይለወጣል። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ጥቁር መንገደኛ በሕግ በተለየ ፉርጎ ነበር የሚሳፈረው። በዚህ ጉዞ መጨረሻ ላይ ግን የሚጠብቃቸው ጥቁር ንጉሥ ነበር።

መሣሪያ የሌለው አየር ኃይል

በአዲስ አበባ የጠበቃቸው አየር ኃይል ግን ከስሙ ያነሰ ነበር። አውሮፕላኖቹ ሁለት ደርዘን አይሞሉም፤ አብዛኞቹ ያረጁ፣ ለውጊያም የማይሆኑ ነበሩ። ጣሊያን በአንጻሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘመናዊ አውሮፕላኖችን በኤርትራና በሶማሊያ አሰልፋ ነበር።

ሌላም ፈተና መጣ። ከእሳቸው በፊት ኢትዮጵያ የመጡት የሃርለሙ አብራሪ ሁበርት ጁሊያን፣ በ1923 ዓ.ም. ከተፈጸመው ንግሥ በፊት የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላን ከስክሰው የተባረሩ ሲሆን፣ ጦርነቱ ሲቃረብ ተመልሰው ነበር። ሁለቱ በ1927 ዓ.ም. ክረምት በአንድ የአዲስ አበባ ሆቴል በቡጢ ተቧቀሱ። ጁሊያን ከአየር ኃይሉ ተገለሉ፤ ሮቢንሰን የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው አዛዥ ሆኑ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች አድዋን ሲደበድቡ ሮቢንሰን እዚያው ነበሩ። የቦምቡን እሳትና የሚሸሸውን ሕዝብ በዓይናቸው ካዩት ጥቂት የውጭ ሰዎች አንዱ ሆኑ። ያዩትንም ወደ አሜሪካ በሚልኩት ዘገባ ለጥቁር አንባቢዎች አደረሱ።

ሥራቸው መዋጋት አልነበረም፤ የሚዋጉበት አውሮፕላንም አልነበራቸውም። በአዲስ አበባ፣ በደሴና በሰሜኑ ግንባር መካከል መልእክት፣ መድኃኒትና መኮንኖች ያመላልሱ ነበር። ጠላት ሲመጣባቸው መከላከያቸው ደመናና የተራራ ጥግ ብቻ ነበር። ጣሊያን ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ የመርዝ ጋዝ ስትረጭ ሮቢንሰንም ከተጎዱት መካከል እንደነበሩ ይነገራል።

የማይጨው ጦርነት ከተሸነፈ በኋላ ያቺው የጅቡቲ መስመር የስደት መንገድ ሆነች። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ከአዲስ አበባ ተነስተው ጅቡቲ ደረሱ፤ ሚያዝያ 26 ቀን ደግሞ ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። አየር ኃይሉ አልቆ ነበር። ኮሎኔሉም ወደ አሜሪካ ተመለሱ።

ከአቀባበሉ በኋላ

በግንቦት ወር ኒው ዮርክ ሲደርሱ፣ ቀጥሎም ቺካጎ ሲገቡ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች በእልልታ ተቀበሏቸው። ለእነዚያ ሰዎች ኢትዮጵያ ተሸንፋም አልተዋረደችም ነበር። ከመካከላቸው አንዱ፣ ከሚሲሲፒ ጎጆ የወጣው ልጅ፣ ለእሷ በሰማይ ላይ በርሯልና።

ጭብጨባው ግን ሕጉን አልለወጠውም። ሮቢንሰን በቺካጎ የራሳቸውን የበረራ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ለዓመታት የወተወቱለት የቱስኪጊ የበረራ ትምህርት እ.አ.አ. በ1939 ተጀመረ፤ ከእሱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስማቸው የገነነው የቱስኪጊ አብራሪዎች ወጡ። ትምህርቱን የመሩት እሳቸው አይደሉም። ይሁን እንጂ ከዘሩ ዘሪዎች አንዱ መሆናቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ።

በ1936 ዓ.ም. ነጻ የወጣችው ኢትዮጵያ ዳግመኛ ጠራቻቸው። አምስት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን አስከትለው መጥተው ወጣት ኢትዮጵያውያንን ማብረርና መጠገን ማስተማር ጀመሩ። ከድል በኋላ ያንሰራራው አየር ኃይል መሠረት ከተጣለባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነበር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው የሚለው አነጋገር በብዙ ጽሑፎች ይገኛል። አየር መንገዱ የተቋቋመው ግን ቲደብሊውኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል፣ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን ወደ ካይሮ አደረገ፤ ወዲያውም ጅቡቲንና ኤደንን ከመዳረሻዎቹ ውስጥ አስገባ። በባቡር ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረው መንገድ የሰዓታት ጉዞ ሆነ። የሮቢንሰን ድርሻ ሌላ ነው፤ እሱም ኢትዮጵያዊ ወጣት በገዛ እጁ አውሮፕላን ማብረርና መፍታት እንደሚችል ገና ከመነሻው ማሳየት።

ኑሮው አልጋ በአልጋ አልነበረም። አየር ኃይሉን እንዲያደራጁ ከመጡት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጋር እ.አ.አ. በ1947 ተጣልተው ጉዳዩ እስከ ድብድብ ደረሰ። ቦታቸውንም አጡ። በቺካጎ ደጃፍ ላይ የቆሙባቸውን ነጮች አልፈው የመጡት ሰው በኢትዮጵያም የአዛዥነቱ ወንበር ለአውሮፓዊ ሲሰጥ አዩ። ቢሆንም አገሪቱን ጥለው አልሄዱም።

በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ያበሯት የነበረች ትንሽ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ተከሰከሰች። አብሯቸው የነበረው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ሞተ። በጦርነቱ የጣሊያንን አውሮፕላን ሲሸሹ የነበሩት ሰው በመጨረሻው በረራቸው ከጣሊያናዊ ጋር አንድ ዕጣ ተካፈሉ። ሮቢንሰን በቃጠሎው ጉዳት ለሁለት ሳምንት ያህል ታመው መጋቢት 18 ቀን አረፉ። የተቀበሩትም በአዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው።

የቀረው ስም

ከሞታቸው ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ እ.አ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ሕፃናትን በትምህርት ቤት መለያየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚጋጭ ወሰነ። በቀጣዩ ዓመት ክረምት ግን የ14 ዓመቱ ጥቁር ልጅ ኤሜት ቲል ዘመዶቹን ለመጠየቅ ከቺካጎ ወደ ሚሲሲፒ በሄደበት በነጮች ተገደለ። ገዳዮቹን የግዛቲቱ ችሎት በነጻ ለቀቀ። ሮቢንሰን ሸሽተውት የወጡት ሥርዓት ገና አልሞተም ነበር።

ሚሲሲፒ ባርነትን የሻረውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በምክር ቤቷ ያጸደቀችው እ.አ.አ. በ1995 ነው። የባርነት ደጋፊዎችን የጦር ምልክት ከባንዲራዋ ያወረደችው ደግሞ በ2020። ግዛቶችም እንደ ሰው ራሳቸውን ለማየት ጊዜ ይወስድባቸዋል።

የአድዋ ድል የብዙ ጥቁር ሕዝብ ኩራት ሆኖ ባሕር ተሻግሮ ነበር። ሮቢንሰን የዚያን ኩራት ብድር ሊመልሱ ከመጡት አንዱ ነበሩ። ይዘውት የመጡት ሀብትም ሠራዊትም አልነበረም፤ በጋራዥና በጥቁር ሰሌዳ ጥግ የለቀሙትን ዕውቀት ነበር። የእሳቸው መቃብር ዛሬም ከወለደቻቸው አገር በሺዎች ማይል ርቆ፣ በመረጧት አገር አፈር ውስጥ ይገኛል። ከራሱ ላይ ደግሞ፣ እንደ ልጅነት ሕልማቸው፣ አውሮፕላኖች ቀን ከሌት ይመላለሳሉ።